ጋሼ መኪና ሊገዙ ነው

ጂቡቲ ወደብ ላይ ከመርከብ የወረደ መኪና አዲስ አበባ ገብቶ ባለቤቱ እጅ ከመድረሱ በፊት አፋር ያየዋል። በጋላፊ ገብቶ፣ ሰመራንና ሎጊያን አልፎ፣ ሚሌ ኬላ ላይ ወረፋ ይዞ፣ በገዋኔ በኩል አዋሽ ሰባት ኪሎ ይደርሳል። የወንበሩ ፕላስቲክ ገና ያልተላጠ መኪና በተሳቢ ተጭኖ ሲያልፍ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ዋጋ ይገምትለታል፤ ሞዴሉን ይጠራል፣ ያማል፣ ያመሰግናል። የዚህ መስመር ሰው መኪና አላየም ተብሎ አይታማም።

ጋሼ ከተመልካቾቹ አንዱ ናቸው። (ስማቸው ይቅር። እንዲህ ያለ አባት በየቤቱ ስላለ አንባቢ የራሱን አባት ስም ቢያስገባበት ይሻላል።) የድሮው የኢትዮ-ጂቡቲ ምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ቤታቸው አዋሽ ሰባት ነው፤ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ተጠግቷል። መኪናም ሊገዙ ነው። ሊገዙ ከተነሡ ወዲህ የልጅ ልጃቸው ተወልዶ፣ ድክ ድክ ብሎ፣ ትምህርት ቤት ገብቷል።

ብሩ አለ። ግማሹ የእሳቸው ቁጠባ ነው፤ ግማሹን ልጆቻቸው አዋጥተዋል። የቀረው መምረጥ ብቻ ነው። የማስመረጡ ኃላፊነት ደግሞ ሰመራ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በምትሠራው ሴት ልጃቸው ላይ ወደቀ። ወንድሞቿ ውጭ አገር ሆነው «አንቺ ቅርብ ነሽ» አሏት። ቅርብ የተባለው ወደ 360 ኪሎ ሜትር ነው።

ጋሼ ላይ ከመፍረድ በፊት የመጡበትን ማየት ደግ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያገለገሉት ባቡር ምርጫ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ሐዲዱ ወርዱ አንድ ሜትር፤ በአንድ በኩል ድሬዳዋ፣ በሌላው በኩል አዲስ አበባ። ባቡሩ ይዘገይ እንደሆነ እንጂ መንገድ አይስትም፤ ነጂውም መገንጠያ ላይ ቆሞ «ወዴት ልሂድ?» ብሎ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው በጡረታው ዘመን ቪትዝ ነው ያሪስ፣ ማኑዋል ነው አውቶማቲክ፣ ቤንዚን ነው ኤሌክትሪክ ሲባል ግራ ቢጋባ ምን ይፈረድበታል?

ላይ ላዩን ሲታይ ግን ጋሼ ግራ የተጋቡ አይመስሉም። ሁልጊዜ ተጨማሪ ወሬ እየጠበቁ ያሉ ሰው ናቸው።

ይህን ከጎረቤት የወረሱት ነው። አፋሮች ዳጉ የሚሉት የወሬ ሥርዓት አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ሰላም ተባብሎ መተላለፍ የለም፤ ቆም ብለው፣ ጊዜ ካለም ቁጭ ብለው፣ ከየት እንደመጡ፣ ምን እንዳዩ፣ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ግጦሹ የት እንደደረቀ፣ ምን እንግዳ ነገር እንዳለ በተራ ይነጋገራሉ። ያወራ ሰው ለወሬው እውነትነት ተጠያቂ ነው። በዓይኑ ያየውንና በጆሮው የሰማውንም ለይቶ ይናገራል። አዋሽ ላይ ብዙ ዘመን የኖረ ሰው፣ አፋር ባይሆንም፣ ይህ ይጋባበታል። ጋሼ ላይ ተጋብቶ ወደ መኪና ገበያ ዞረ። የጂቡቲ መስመር ሹፌር ሻይ ሊጠጣ ከወረደ ሳይጠየቅ አይሄድም። የየትኛው መኪና ራዲያተር በዚህ ሙቀት እንደሚፈላ፣ የየትኛው ባሌስትራ ቶሎ እንደሚሰበር፣ መለዋወጫው አዳማ ይገኝ እንደሆነ ወይስ አዲስ አበባ ድረስ እንደሚያስኬድ፣ ሁሉም በየተራ ይመጣል።

ልጅቱ መጀመሪያ ላይ ነገሩን በኤክሴል ልትጨርሰው አስባ ነበር። የመኪናው ስም፣ የተሠራበት ዓመት፣ ዋጋ፣ የነዳጅ ፍጆታ፣ መለዋወጫ እያለች ሰንጠረዥ ሠርታ ላከችላቸው። ጋሼ አተኩረው አዩትና አንድ ዓምድ እንደጎደለው ነገሯት።

«ምን ይጨመር አባባ?»

«ማን ነው ያለው? አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ?»

እሷ መረጃውን ያገኘችው ከሻጮች የቴሌግራም ገጽ ስለነበር ዓምዱ ባዶ ሆነ። ሰንጠረዡም እዚያው ላይ ቆመ። እውነት ለመናገር አባትየው አልተሳሳቱም። የአገራችን የመኪና ገበያ በስማ በለው የቆመ ነው። ደላላ «ሞተሯ አልተነካም» ይላል፤ «ቀለሟ የፋብሪካ ነው» ይላል፤ «የሴት መኪና ናት» ይላል፤ ገዢው ገና ሲያመነታ ካየ ደግሞ «ዶክተር ነበር የሚነዳት» ይጨምራል። ዶክተር የነዳት መኪና ለምን አትታመምም ተብሎ እንደታሰበ እስካሁን ያስረዳ የለም። ኪሎ ሜትሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሆን ይችላል፣ ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሻጩ ላይሆን ይችላል፣ ውክልናው በሦስተኛ እጅ መጥቶ ሊሆን ይችላል። በዚህ መሃል «ማን ነው ያለው?» ብሎ መጠየቅ ከመወላወል ይልቅ ለጥንቃቄ ይቀርባል።

ችግሩ ወሬው ተጣርቶ እስኪያልቅ አገሩ አለመጠበቁ ነው። የመጀመሪያው ክርክር ስለ ቪትዝ ነበር። ጋሼ «ኮፍያዬን አውልቄ ነው የምገባው» ብለው ተቃወሟት፤ ሌላ እስኪፈለግ 2012 ገባ። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ወጣና ያረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ተጣለ። ከውጭ ይመጣ የነበረው ያገለገለ መኪና ቀነሰ፤ አገር ውስጥ ያለው ደግሞ ተወደደ። ኮፍያ ያስወልቅ የነበረው ቪትዝ ጭራሽ ኩራት መጣበት። ልጅቱ «አላልኩም?» አለች። ጋሼ «ይወርዳል» አሉ።

አልወረደም። በ2014 ገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ የቤንዚኑን ነገር ተዉትና የኤሌክትሪኩን ዳጉ ከዜሮ ጀመሩ። እሱ ሳይገባደድ በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ተናገሩ። እንዲህ ያለ ክልከላ በዓለም የመጀመሪያው ተባለ። ጋሼ በዚያ ሳምንት ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር፤ ግማሹን ምርጫ መንግሥት መርጦላቸዋል። ግን አገር ውስጥ ያለውን ያገለገለ የቤንዚን መኪና መግዛት አልተከለከለም። እሱን ሲያመዛዝኑ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደረሰና የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተባለ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ በባንክ የተቀመጠው የጋሼ ገንዘብ አንዲት ሳንቲም ሳትነካ መኪናው ራቀው።

ከዚያ ደግሞ መሬቱ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር መንቀጥቀጥ ጀመረች። ታኅሣሥና ጥር ላይ ብሶ በአዋሽ ፈንታሌ ወረዳና በአጎራባች ቀበሌዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው እንዲወጣ ተደረገ። በዚያ ሰሞን ስለ መኪና ማንሣት ነውር ነበር፤ ልጅቱም አላነሣችም። ነገሩ ከረገበ በኋላ ግን አንድ ቀን ፈራ ተባ እያለች ብትጠይቃቸው ጋሼ ረጋ ብለው «መሬቱ ይወስን፤ ከዚያ እኔ እወስናለሁ» አሏት።

አዋሽ ወንዝም ቢሆን ባሕሪው እንደዚሁ ነው። ጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጠማዘዝ ቆይቶ፣ ባሕሩ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሐሳቡን ቀይሮ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል።

ጋሼ ሲነኳቸው ታሪክ ይጠቅሳሉ። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ ሲድሊ የምትባል መኪና ከጂቡቲ አስነሥቶ፣ በረሃውን አቋርጦ ለዳግማዊ ምኒልክ አደረሰላቸው፤ በዚያው ዓመት አንድ ጀርመናዊም ሌላ መኪና ይዞ ከተፍ አለ። «አየሽ» ይላሉ ጋሼ፣ «ምኒልክ አልመረጡም። መኪናው ነው የመጣላቸው።» ልጅቱ የንጉሠ ነገሥቱ መኪና ቀረጥ እንዳልተከፈለበት ልታስታውሳቸው ሞክራለች፤ አልሰሟትም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ የኤሌክትሪክ መኪናና የአፋር ሙቀት።

ልጅቱ ከመረመረቻቸው ርካሾቹ መካከል ቢዋይዲ ሲጋል የተባለችው ትንሽ የቻይና መኪና ትገኝበታለች። ትልቁን ባትሪ የያዘችው፣ 38.88 ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ነው፣ በቻይና መለኪያ በአንድ ሙሌት 405 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይባላል። አዋሽ - ሰመራ 360። ወረቀት ላይ ሲታይ ደርሳ 45 ኪሎ ሜትር ይተርፋታል። ጋሼ ግን «ማን ነው ያለው?» አሉ፤ ልጅቱም መልሱን ፈለገች። ያለው ፋብሪካው ነው፤ የቻይናው መለኪያ ደግሞ ለሻጭ ያደላል። የአሜሪካ የአሽከርካሪዎች ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሆኖ ኤሲ ሲበራ የኤሌክትሪክ መኪና የሚሄደው ርቀት በአማካይ 17 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል። ከ405 ላይ 17 በመቶ ሲነሣ 336 ይቀራል። ያም ማለት ጋሼ ሚሌን አልፈው፣ ሎጊያን ሳያዩ፣ ዳር ይዘው ይቆማሉ። 35 ዲግሪ ደግሞ በሰመራ ሰው ዘንድ ብርድ ልብስ የሚያስነሣ አየር ነው፤ በሰኔና በሐምሌ ቴርሞሜትሩ 40ን አልፎ ይውላል። ፍጥነት ሲጨምርም ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ያ ሜዳ ደግሞ ፍጥነት ይጋብዛል።

ሙቀት ባትሪ ያስረጃል መባሉም እውነት ነው። የቢዋይዲ ዓይነት ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ሙቀትን ከሌሎቹ የሊቲየም ባትሪዎች በተሻለ ይችላል። ቢሆንም ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ማቆምና ሙሉ በሙሉ ሞልቶ ለቀናት መተው አይመከርም። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ግቢያቸው ያለችውን የግራር ጥላ አዩ። ጥላዋ የፍየሎቹ ናት።

ቤንዚኑስ? ቤንዚን መኪና ሙቀቱን ለምዷል፤ መካኒኩም ለምዶታል። ካንዴላውንና ፍሬን ሸራውን አዋሽ ላይ የሚቀይር አይጠፋም። ግን የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ ሲነሣ ቆይቶ በ2017 የሊትሩ ዋጋ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ላይ ወረፋው አለ። የነዳጅ ቦቴዎች ቀን ከሌሊት በደጃፉ የሚያልፉበት ከተማ ነዋሪ ማደያ ላይ መሰለፉ ጋሼን ከሁሉ በላይ ያናድዳቸዋል። አዲሱ የአዲስ አበባ - ጂቡቲ ባቡር፣ መስከረም 25 ቀን 2009 የተመረቀው፣ በኤሌክትሪክ መሄዱን ደግሞ እንደ ምስክር ያቀርባሉ፦ «ባቡሩ እንኳ ናፍጣ ትቷል።» ልጅቱ ተስፋ ታደርጋለች። በማግሥቱ «ግን ባቡሩ ሽቦውን ይዞ ነው የሚሄደው፤ መኪናው ሽቦውን ትቶ ነው» ይላሉ። ይህ ደግሞ እውነት ነው።

ልጅቱ በመጨረሻ ጥያቄውን ቀየረችው። የትኛው መኪና ይሻላል የሚለውን ተወችና፣ የት የት ነው የሚሄዱት ብላ ጠየቀቻቸው። ዝርዝሩ አጭር ነበር፦ ገበያ፣ ለቅሶ፣ አዋሽ አርባ ያለ ወዳጅ፣ ለዓይን ምርመራ አዳማ። ገበያና ለቅሶ በባጃጅም ይደረሳል። አዳማ ደርሶ መልስ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ትንሿ ሲጋል ኤሲዋን እያነፈሰች ትመለሳለች። ነገሩ ያለቀ መሰላት።

«ሰመራስ?» አሉ ጋሼ።

«ሰመራ በአውቶቡስ ይመጣሉ፤ ወይ እኔ እመጣለሁ።»

«መኪና ገዝቼ ልጄን በአውቶቡስ?»

ክርክሩ ስለ ባትሪ እንዳልነበረ የገባት እዚህ ላይ ነው። አባትየው መኪናውን የፈለጉት ሰመራ ለመሄድ ነው፤ የልጅ ልጃቸው ደጅ ላይ ቆመው ጥሩምባ ለመንፋት። ልጅቱ ደግሞ በሰንጠረዥ፣ በመቶኛ፣ በባትሪ ኬሚስትሪ ስትከራከር የኖረችው አንዲት ነገር ላለመናገር ነው፦ ዓይኑን የሚታከም ሰባ ዓመት የተጠጋው አባት፣ በዚያ ሙቀት፣ ተሳቢ ከተሳቢ በሚቀዳደምበት፣ ሲመሽ ግመል አስፋልት በሚያቋርጥበት መንገድ ላይ ብቻውን እንዲነዳ አትፈልግም። መንጃ ፈቃድ ሲታደስ ምርመራ አለ፤ ምርመራውን አልፈዋል። ሐኪም ያለፈውን ልጅ እንዴት ትከለክላለች? እሳቸውም ፍርሃቷን ሳያውቁት አልቀሩም። ስለዚህ ሁለቱም ስለ ኪሎ ሜትር ያወራሉ። በብዙ ቤት የመኪና ምርጫ የሚጓተተው በዚህ ይመስላል። ልጅ «ይህ ሞዴል አይሆንም» ሲል «አባዬ፣ አርጅተሃል» ማለቱ ነው፤ አባትም «ትንሽ እንጠብቅ» ሲል ያንን ቃል ለሌላ ዓመት ማስተላለፉ ነው።

መፍትሔው ከጋሼ መጣ፤ ከባቡሩም።

በድሮ ዘመን የጂቡቲ - አዲስ አበባ ባቡር ሌሊት አይሄድም ነበር። ተሳፋሪው ድሬዳዋ ያድራል፣ ቀጥሎ አዋሽ ያድራል፣ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። የአዋሽ ጣቢያ ቡፌ ስሙ የተጠራው በዚህ ነው፤ ፈረንሳዩም ግሪኩም መኳንንቱም እዚያ ራቱን በልቶ አድሯል። ማንም «ባቡሩ ደከመ» ብሎ አልተሳደበም። ጋሼ ይህን አስታውሰው ገዋኔ ላይ እንደሚያድሩ አሳወቁ። ጠዋት በማለዳ ከአዋሽ ተነሥተው ፀሐይ ሳትበረታ ገዋኔ ይደርሳሉ፤ ሶኬት ያለው አልጋ ይይዛሉ፤ ከተራ ሶኬት ሲሞላ አዝጋሚ ስለሆነ መኪናዋ ውላ አድራ ትሞላለች፣ እሳቸውም ውለው አድረው ያርፋሉ። በማግሥቱ በማለዳ ቀሪውን ይጨርሳሉ።

«መብራት ከጠፋስ?»

«እስኪመጣ እንቀመጣለን። ሰው አለ፤ ወሬ አለ።»

ልጅቱ አሰላችው። አንድ መንገድ ለሁለት ተከፍሏል፣ ማታ መንዳት ቀርቷል፣ የቀትሩ ሙቀት ቀርቷል፣ አባትየው ዕረፍት አግኝተዋል፤ ያልተናገረችው ነገር ሁሉ ሳትናገረው መልስ አገኘ። 336 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ከበቂ በላይ ሆነች። እንዲያውም የባትሪዋ ማነስ ውለታ ዋለላት፤ ረጅም የምትሄድ መኪና ቢገዙ ኖሮ ጋሼን ገዋኔ ላይ የሚያስቆማቸው አልነበረም። ቀለሙ ነጭ እንዲሆን ተስማሙ። ሰኞ ቀብድ ሊከፈል ተቀጠረ፤ ወንድሞቿም ውጭ አገር ሆነው እልል አሉ።

እሑድ ማታ ጋሼ ደወሉ።

«አንቺ ልጅ፣ የጨው ባትሪ የሚባል መጥቷል አሉ።»

ከጂቡቲ የመጣ ሹፌር ነግሯቸው ነው። ልጅቱ ልትስቅ ብላ ለማንኛውም አጣራች፤ ወሬው መሠረት ነበረው። ቻይና ውስጥ ከሊቲየም ይልቅ በሶዲየም የሚሠራ ባትሪ የተገጠመላቸው መኪኖች ከ2016 ወዲህ መንገድ ላይ ወጥተዋል፤ ካትል የተባለው ትልቁ የባትሪ ኩባንያም በሚያዝያ 2017 አዲስ የሶዲየም ባትሪ አስተዋውቋል። ሶዲየም ደግሞ ከገበታ ጨው የሚገኝ ነው። ጋሼ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም። አሞሌ ተቆርጦ በግመል የወጣበት አገር፣ የአፍዴራ ሐይቅ ጨው መላውን ኢትዮጵያ የሚያጣፍጥበት ክልል ውስጥ ቁጭ ብሎ ሊቲየም መግዛት ምን ይባላል?

«አባባ፣ ሰኞ ቀብድ እንከፍላለን አላልንም?»

«እንከፍላለን እንጂ። ግን ሹፌሩ ሐሙስ ተመልሶ ይመጣል፤ አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ ሳልጠይቀው ሄደብኝ።»